ስኳር ያለብሽ እህቴ፣ ከማርገዝሽ በፊት ይሄን ጨርሺ

ብዙዎቻችን ክትትል ማለት ካረገዝን በኋላ የሚጀመር ይመስለናል፣ ስኳር ላለባት ሴት ግን ያኔ ረፍዷል። የልጁ ልብ፣ አከርካሪ፣ ጭንቅላት የሚሰራው በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ነው፣ ፔሬዴ ቀረ ብለሽ ተመርምረሽ እስክታውቂ ግማሹ አልፏል፣ በዛን ሰዓት ስኳርሽ ከፍ ካለ ውርጃም የአፈጣጠር ችግርም የመምጣት እድሉ ይጨምራል። ስለዚህ ከ3 እስከ 6 ወር ቀደም ብለሽ ጀምሪ፣ ዝግጁ ነሽ እስክትባዪ ደሞ መከላከያሽን እንዳታቆሚ።

ለሐኪምሽ "መውለድ አስቤያለሁ" በይው፣ እሱ እስኪጠይቅሽ አትጠብቂ። ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው የደም ምርመራ ይታዘዝልሽ፣ የጣቱ ምርመራ የዛችን ሰዓት ብቻ ነው የሚያሳይሽ ይሄኛው ግን ያለፉትን 2 እና 3 ወራት ነው የሚናገረው። ከ6.5 ፐርሰንት በታች ቢሆን ነው የሚፈለገው፣ ስኳርሽ ቶሎ ቶሎ የሚወርድብሽ ከሆነ ሐኪሙ ይሄን ግብ ትንሽ ከፍ ሊያደርግልሽ ይችላል። ከ10 በላይ ከሆነ ግን በናትሽ ጠብቂ። 9 የነበረው 7.5 ቢገባ እንኳን ትልቅ ነገር ነው፣ የቀነስሽው ሁሉ ለልጁ ነው።

የምትወስጃቸውን መድሃኒቶች በሙሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። ለግፊት ወይ ለኩላሊት የሚሰጠው ኢናላፕሪልና የኮሌስትሮሉ አቶርቫስታቲን ለእርግዝና አይሆኑም፣ ግፊት ካለብሽ እንደ ሜቲልዶፓ ባለ ይቀየርልሻል፣ ግን በራስሽ እንዳታቆሚ። ኢንሱሊን ልጁን አይጎዳውም፣ መርፌውን ተዪው የሚልሽን ሰው አትስሚ፣ የሚጎዳው ስኳሩ ነው። ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን ቀድመሽ ጀምረሽ እስከ 12 ሳምንት ትወስጃለሽ፣ ስኳር ላለባት ብዙ ጊዜ 5 ሚሊግራሙ ነው የሚታዘዘው።

አይንሽንም ታዪ፣ እርግዝና የአይንን ጉዳት ሊያባብስ ይችላል። ጠብታ ሲያደርጉልሽ ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝብሽ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ኩላሊት በሽንትና በደም ይታያል፣ ታይፕ 1 (ሰውነት ራሱ ኢንሱሊን የማያመርትበት አይነት) ከሆንሽ የታይሮይድ (የአንገት እጢ) ምርመራም ጨምሪበት።

ባልሽን ደሞ አሁኑኑ አስተምሪው፣ በእርግዝናው መጀመሪያ ወራት ስኳር በተለይ ሌሊት ይወርዳል። ላብ ላብ ካለሽ፣ ከተንቀጠቀጥሽ፣ ወይ ንግግርሽ ከተምታታ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ይስጥሽ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለክቶ ካልወጣ ይድገም። ራስሽን ከሳትሽ ግን አፍሽ ውስጥ ምንም እንዳይጨምር፣ በቀጥታ ሆስፒታል።