ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ሲሞላ ስታክ የሚያደርገው ለምንድን ነው?

ኬብል መቀየርና ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ መሞከርን ታውቁታላችሁ፤ እሱን እዘለዋለሁ። እዚህ ጅማ ያገለገለ ዲስክ ገዝቶ ወደኔ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረኝ ያው አንድ ነገር ነው።

ምልክቱ፦ ዲስኩ ባዶ እያለ ይፈጥናል። ፊልምና ፎቶ እየሞላ ሲሄድ ግን የኮፒው ፍጥነት መሃል ላይ ዜሮ ይገባል፣ ኮምፒውተሩም አብሮ ስታክ ያደርጋል።

መንስኤው፦ የማይነበቡ ሴክተሮች (ዲስኩ መረጃ የሚይዝባቸው ትናንሽ ክፍሎች)። ዲስኩ አንድ ሴክተር ማንበብ ሲያቅተው ስማርት በሚባለው የጤና መዝገቡ ውስጥ ሲ5 (C5) በሚለው መስመር ላይ ይይዘዋል። በኋላ እዚያው ቦታ ላይ አዲስ ነገር ሲጻፍ፣ ሴክተሩ ጽሑፉን ከተቀበለ ከሲ5 ይወጣል፤ ካልተቀበለ በመጠባበቂያ ይተካና 05 ላይ ይቆጠራል። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ዲስኩን ሙሉ ፎርማት ያደርገውና ሲ5ን ዜሮ አድርጎ ያሳያችኋል። ከዚያ ፊታችሁ ሁለት ፊልም ኮፒ አድርጎ «ይኸው፣ ይሠራል» ይላል። ሁለት ፊልም 3 ጊጋ ቢሆን ነው፤ ዲስኩ 1 ቴራ ከሆነ የቀረውን 900 ጊጋ ማን አየው?

ባለፈው ክረምት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዚሁ መንገድ የተሸጠላትን 1 ቴራ ዲስክ አመጣችልኝ። 1 ቴራ በዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ ሆኖ መታየት አለበት፤ የሷ 600 ነበር። ዲስክ ማኔጅመንትን ስከፍተው 331 ጊጋ ሳይመደብ ቀርቷል። ሻጩ የታመመውን ክፍል ከፓርቲሽን (ለመረጃ ከተመደበው ክፍል) ውጭ ትቶ ደብቆታል። በሽታው ግን እዚያ አልቆመም፤ ወደ 600ው ውስጥ ገብቶ የመመረቂያ ጥናቷ መረጃ ላይ ደርሷል። ከታመመ ዲስክ መረጃ በሚገለብጠው ዲዲሬስኪው በሚባል ፕሮግራም ሁለት ሌሊት ሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጬ አብዛኛውን አወጣሁላት። የመስክ ፎቶዎቿ ግን ከፊሎቹ አልተገኙም። እስካሁን ያናድደኛል።

መፍትሄው ከመክፈላችሁ በፊት ነው፤ የተበላሸ ሴክተርን የሚያድን ሶፍትዌር የለም። የስማርት መዝገቡን የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ፕሮግራም ክፈቱ። ቁጥሮቹን በ16 ቤት (በሄክስ) ስለሚያሳይ ከቅንብሩ ወደተለመደው 10 ቤት ቀይሩት፤ ካልቀየራችሁት 10 ብላችሁ ያነበባችሁት 16 ነው። 05፣ ሲ5 እና ሲ6ን (C6፣ ጨርሶ ሊነበቡ ያልቻሉ ሴክተሮች ቁጥር) ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ቪክቶሪያ በሚባል የዲስክ መፈተሻ ፕሮግራም ዲስኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስነብቡ። «ሪድ» እና «ኢግኖር» የሚሉትን ብቻ ምረጡ! «ራይት» ወይም «ኢሬዝ» ከነካችሁ መረጃው ይጠፋል። ጤነኛ 1 ቴራ ዲስክ 3 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፣ በአሮጌ ዩኤስቢ 2 ከሆነ 8 ሰዓትም ሊደርስ ይችላል። ፍጥነቱ ቀስ እያለ ወርዶ መጨረሻው ላይ ግማሽ ቢሆን አትደንግጡ፣ የዲስክ ተፈጥሮ ነው። ድንገት ወድቆ ቀይ ምልክት ካበዛ ግን ታሟል። ሲጨርስ ሦስቱን ቁጥሮች እንደገና እዩ፤ አንዱ በ1 እንኳ ከጨመረ መልሱት። መብራት በየመሃሉ ስለሚሄድ ፍተሻውን ባትሪው ደህና በሆነ ላፕቶፕ ሥሩ፣ ስሊፕ እንዳይገባም አድርጉት። አንድ ቀን ፈትሼ ልመልስ ስትሉት እምቢ ከሚል ሻጭ አትግዙ።

05 ላይ ጥቂት ኖሮ ከፍተሻው በኋላም ካልጨመረ ለፊልም ማጠራቀሚያ እቀበለዋለሁ። ለጥናት፣ ለሰርግ ፎቶ፣ ለመሥሪያ ቤት ሰነድ ግን በፍጹም።

መረጃችሁ ያለበት ዲስክ መታመም ከጀመረ ቼክዲስክ (የዊንዶውስ የዲስክ ስህተት ማስተካከያ) አታስሩጡበት! አንድ አባት የልጃቸውን ሰርግ ቪዲዮ ይዘው መጥተው ነበር። ጎረቤት ያለ ልጅ ሊያግዛቸው ብሎ ሌሊቱን ቼክዲስክ ሲያስሮጥበት አድሯል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ዲስኩ ጨርሶ አይታወቅም ነበር። መጀመሪያ መረጃውን አውጡ።

ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ አትግዙ፤ የናንተ ከሆነ ወዲያው ንቀሉት።

የሠራበት ሰዓት፦ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ የሠራ ዲስክ 8,760 ሰዓት ያስመዘግባል። 30,000 ሰዓት ሠርቶ 05 ላይ ዜሮ ያለውን፣ 2,000 ሰዓት ሠርቶ ሲ5 ላይ 40 ካለው አስበልጣለሁ። ላዩ ላይ 2014 የሚል የምርት ዓመት ኖሮ የሠራበት ሰዓት 12 ብቻ ከሆነ ግን መዝገቡ ተሰርዞ ይሆናል፤ ሌሎቹንም ቁጥሮች አትመኑ።

ሲ7 (C7፣ በኬብሉ ሲተላለፍ የተሳሳተ መረጃ ቁጥር) ላይ ብዙ ቁጥር፦ አብዛኛውን ጊዜ የኬብል ጣጣ ነው። ቁጥሩ አይቀንስም፣ ኬብሉ ከተቀየረ በኋላ መጨመሩን ካቆመ በዚህ ብቻ ዲስኩን አትጣሉት።