«የብርሃን ዓመት» ስንል የምንስታቸው ነገሮች

ሰኞ ገበያ ከገጠር የመጣ ሰው አገሩ ስንት እንደሚርቅ ብትጠይቁት ኪሎ ሜትር አይቆጥርም። «የግማሽ ቀን መንገድ ነው» ይላችኋል። ይሄ ጊዜ ነው ወይስ ርቀት ብሎ የሚከራከረው የለም። የብርሃን ዓመት ላይ ስንደርስ ግን ብዙዎቻችን እንደናገራለን።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። «ከብዙ የብርሃን ዓመታት በፊት» ሲባል እሰማለሁ፤ እባካችሁ ተዉት። የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው መንገድ ነው፤ 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። ፍጥነቱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው እንበል፤ ሚኒባሱ የሐረጎን አንዷን ጥምዝ ሳይጨርስ፣ በአንዲት ሰከንድ ብቻ፣ ብርሃን 6,000 ጊዜ ያህል ደርሶ መልስ ይሄዳል።

እንዲህ ቢፈጥንም ወዲያው አይደርስም። ፀሐይ ከደሴ በላይ ወዳለው ወደ ጦሳ ተራራ ጀርባ ስታዘቀዝቅ ዓይናችን ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከእሷ የተነሳው ከ8 ደቂቃ በፊት ነው። የጨረቃው 1.3 ሰከንድ ይፈጅበታል።

ይሄን የሰሙ ደግሞ ወደ ሌላ ስህተት ይገባሉ፤ «የምናያቸው ከዋክብት ሁሉ ሞተዋል» ይላሉ። አይደለም! ከሌሊት ከዋክብት ሁሉ ደምቃ የምትታየው ሲሪየስ 8.6 የብርሃን ዓመት ነው የምትርቀው። ዛሬ ማታ የምናየው ብርሃኗ የተነሳው አሁን ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ በተወለደ ሰሞን ነው። በዓይን የሚታዩት አብዛኞቹ ከጥቂት ሺህ የብርሃን ዓመት አያልፉም፤ የከዋክብት ዕድሜ ደግሞ በሚሊዮንና በቢሊዮን ዓመታት ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ አብሽሩ፣ አብዛኞቹ አሉ። በጣም ሩቅ ማየት የሚፈልግ በኅዳር ማታ፣ መብራት የጠፋ ጊዜ፣ አንድሮሜዳ የተባለውን የከዋክብት ጭፍራ ይፈልግ። የደበዘዘች ጉም ትመስላለች፤ ብርሃኗ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ተጉዟል።

ሌላው «ዩኒቨርስ ዕድሜው 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው፤ ስለዚህ የምናየው እስከ 13.8 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ነው» የሚል ሒሳብ ነው። ብርሃኑ መንገድ ላይ እያለ ሕዋው ራሱ እየተለጠጠ ነበር፤ ስለዚህ የምናየው ዳርቻ ዛሬ 46 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል።

«ማን ሄዶ ለካው?» ለሚሉት መልሱ አውራ ጣት ነው። የእህቴን ልጅ በረንዳ ላይ አቁሜ፣ ክንዷን ዘርግታ አውራ ጣቷን ጦሳ ላይ ባለ አንድ ባሕር ዛፍ ትይዩ እንድታደርግ ነገርኳት። አንድ ዓይኗን ጨፈነች፣ ቀጥሎ ሌላኛውን። ጣቷ ዘለለ። ወደ አፍንጫዋ ስታቀርበው የባሰ ዘለለ። የቀረበ ብዙ ይዘላል፣ የራቀ ትንሽ። የሥነ ፈለክ ሰዎችም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት፤ አንዱን ኮከብ ዛሬ ያዩታል፣ ከስድስት ወር በኋላ ምድር ከፀሐይ ወዲያ ማዶ ስትሆን ደግመው ያዩታል። የሁለቱ «ዓይኖች» ርቀት 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሰው ፍሪድሪሽ ቤሰል በ1838 እ.ኤ.አ. 61 ሲግኒ የተባለውን ኮከብ ርቀት የለካው በዚህ መንገድ ነው፤ ዛሬ በትክክል ሲለካ ከ11 የብርሃን ዓመት ትንሽ ይበልጣል።