ኢሜይል ስትዘጉ «ቱ ሂር» አትበሉ

ትናንት የእህቴን የእንግሊዝኛ የሥራ ማመልከቻ ሳርም አንድ ስህተት አገኘሁ። ደብዳቤው ቆንጆ ነው፤ መዝጊያው ላይ ግን «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» (መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ ለማለት) ይላል። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነው የምንጽፈው። ትክክሉ «ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» ነው።

የሚያሳስተን «ቱ» ናት። «አይ ዋንት ቱ ሂር» ስለለመድን እዚህም ያው ትመስለናለች። እዚህ ግን መስተዋድድ ናት፤ ከኋላዋ ስም ወይም «ኢንግ» የያዘ ግስ ትፈልጋለች። ከተጠራጠራችሁ በግሱ ቦታ ስም ክተቱ፦ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዘ ኢንተርቪው»። ስሙ ከተስማማ «ኢንግ»ም ይስማማል።

ለማመልከቻ «አይ ሉክ» ይሻላል። «አይም ሉኪንግ» ስህተት አይደለም፤ ግን ለምታውቁት ሰው ነው የሚያምረው።