ከቲቪ ጌም ዜማ የሮክ አልበም እንዴት ይሠራል?

መብራት ጠፍቶ ነበር። ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ፣ ለልምምድ በተከራየናት ሰርቪስ ቤት አራት ሆነን ቁጭ ብለናል። ጊታሪስታችን ባልተሰካ ጊታር የማሪዮን የምድር ቤት ዜማ መነካካት ጀመረ። ማንም "ይሄ ምንድን ነው?" አላለም። ድራመሩ ጉልበቱን እየመታ ተቀበለው። የአከራያችን ልጅ ከበር ላይ ሆና "ማሪዮ!" አለች። መብራት ሲመጣ ያንኑ በዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ በሚያሻክረው መሣሪያ) ደገምነው። ሮክ ለመሆን ምንም አልጎደለውም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ከቀልድ ወደ ቁም ነገር አዞርነው። ከዚህ በታች ያለው እየተሳሳትን የተማርነው ነው። ውድ ስቱዲዮ አያስፈልግም። ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ላፕቶፕ፣ ሳውንድ ካርድና ትዕግሥት ካለ ይጀመራል። ትዕግሥቱ የእናንተ ብቻ ሳይሆን የጎረቤትም ነው።

በመጀመሪያ፣ ለምን ሮክ?

ልጅ ሆነን ካሴቱን እፍ እያልን የምንጫወትበት ቲቪ ጌም የጃፓኑ ፋሚኮም ኮፒ ነበር። ካሴቱ ላይ "9999 ጌም" ተብሎ ይጻፋል። ሲከፈት ያው የምናውቃቸው ጌሞች ስም እየቀያየሩ ይመጣሉ። ዋናው ፋሚኮም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ድምፅ የሚያወጣበት መስመር አምስት ብቻ ነው። ሁለቱ ዜማ ይይዛሉ፤ የሞገዳቸው ቅርፅ አራት ማዕዘን ነው። ሦስተኛው ሞገዱ ሦስት ማዕዘን ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ቤዝ ይጫወታል። አራተኛው "ሽሽሽ" የሚል ጫጫታ ነው፤ እሱ ከበሮ ይሆናል። አምስተኛው አጫጭር የተቀዱ ድምፆችን ያጫውታል።

አሁን ጊታሩን እንይ። ንጹሕ የጊታር ድምፅ ሞገዱ ለስላሳ ነው። ዲስቶርሽን ውስጥ ሲገባ አናቱና ግርጌው ይቆረጣል። በተቆረጠ ቁጥር ቅርፁ ወደ አራት ማዕዘን ይጠጋል። የጌሙ ጩኸትና የሮክ ጊታር ጩኸት እንግዲህ የሥጋ ዘመድ ናቸው። ክራር ላይም ፒያኖ ላይም ሞክረነዋል። ደስ ይላል፣ ግን ዝምድናው አይሰማም።

አንደኛ፦ ዜማውን ምረጡ፣ ባለቤቱንም እወቁ

ብዙ ሰው የሚወደውን ጌም ይዞ ዘው ይላል። ቤት ውስጥ ለመለማመድ ችግር የለውም። አልበም አድርጎ ለመሸጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በእኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ኮጂ ኮንዶ ለሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የደረሰው ሙዚቃ እ.ኤ.አ. የ1985 ነው። በዚህ ሒሳብ ገና ልጅ ነው። ፈቃድ ሳይዙ መሸጥ አይቻልም።

ለጀማሪ አንድ ቀዳዳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው፣ በእጅ በሚያዘው ጌም ቦይ ላይ ቴትሪስ ስንጫወት የምንሰማው ዋናው ዜማ "ኮሮቤይኒኪ" የተባለ የድሮ የሩሲያ ሕዝብ ዘፈን ነው። ግጥሙ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዜማው የማንም አይደለም። የጌም ቦዩ ቅንብር ግን የባለቤቱ ነው፤ እሱን እንዳለ አትገልብጡ። ዜማውን ብቻ ወስዳችሁ የራሳችሁን ቅንብር ሥሩለት። መጀመሪያ በዚህ ላይ እጃችሁን አፍታቱ። ቀጥሎ የራሳችሁን ዜማ ድረሱ። ከልቤ የምመክረው የራስን መድረስ ነው፤ የጌም ስሜት ያለው አዲስ ዜማ ማንም አይነጥቃችሁም።

ሁለተኛ፦ መስመሮቹን አንድ በአንድ ስሙ

ይሄን ደረጃ የሚዘል ሰው በኋላ ያለቅሳል። እኛም ዘለነው፣ አለቀስንም።

ፋሚስቱዲዮ የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ። በእሱ እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ማስጮኽ፣ ሌላውን ዝም ማሰኘት ይቻላል። ወረቀት ያዙ። አንደኛው መስመር ምን ይላል? ሁለተኛውስ? የት ላይ ዝም ይላሉ? ከዚያ አከፋፍሉ። የመጀመሪያው አራት ማዕዘን ለሊድ ጊታር (ዜማውን ለሚመራው)፣ ሁለተኛው ለሁለተኛው ጊታር፣ ሦስት ማዕዘኑ ለቤዝ፣ ጫጫታው ለድራም።

ስትሰሙ ሦስት ነገር አስተውሉ።

የሦስት ማዕዘኑ መስመር ድምፁን መቀነስና መጨመር አይችልም። ወይ አለ፣ ወይ የለም። ስለዚህ ቤዝ ተጫዋቹ ሁሉንም ኖታ በእኩል ኃይል፣ በፒክ (በክር መምቻው) ይምታ። ኖታው ሲያልቅ ክሩን በእጁ ጭጭ ያድርገው። እየተጎተተ የሚሞት ቤዝ የጌሙን ጠረን ያጠፋዋል።

ከበሮው በአንድ መስመር የተጨናነቀ ነው። ስኔር ("ጧ" የሚለው ከበሮ) ሲመታ ሃይሃቱ (ጥንዱ ሳህን) ቦታ አጥቶ ይጠፋል። ድራመራችሁን በመጀመሪያው ዙር እንደዚያው እንዲመታ ለምኑት። የኛው "እጄ ለምን ታሰረ?" ብሎ ሁለት ቀን አኩርፏል። ቀረጻውን ሲሰማ ነው የገባው።

ሦስተኛው የማስተጋባት ዘዴ ነው። ማሽኑ ኢኮ የለውም። አቀናባሪዎቹ ታዲያ ያንኑ ዜማ በሁለተኛው መስመር ትንሽ አዘግይተው፣ ድምፁንም ቀንሰው ያስገቡት ነበር። ይሄን ድምፅ በሚያዘገይ ዲሌይ ፔዳል ከመሥራት ሁለተኛው ጊታሪስት በእጁ ይጫወተው። ትንሽ ይንሸራተታል። መንሸራተቱ ነው ነፍስ የሚሰጠው።

ሦስተኛ፦ ኮርዱን አሳንሱ፣ ምቱን አጥብቁ

ሁለት የዜማ መስመር ብቻ ይዞ ሙሉ ኮርድ (አንድ ላይ የሚሰሙ ሦስት ኖታዎች) መጫወት አይቻልም። ለዚህ የኮርዱን ኖታዎች አንድ በአንድ በጣም በፍጥነት ያፈራርቋቸዋል፤ ማሽኑ በሴኮንድ 60 ጊዜ ያህል ድምፁን መቀየር ይችላል። ያ "ብርርር" የሚለው ድምፅ ይሄው ነው። በጊታር ልከተለው ብትሉ ጣታችሁ ይቆላለፋል። ፓወር ኮርድ ይበቃል፤ መነሻ ኖታውና አምስተኛው። ዲስቶርሽን ውስጥ ሦስተኛውን ስትጨምሩ ድምፁ ይቦካል።

ፍጥነትን በተመለከተ ክሊኩን (ምት የሚቆጥርላችሁን ድምፅ) በደቂቃ 150 ምት ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ። ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። ማሽኑ ድምፁን በሴኮንድ 60 ጊዜ ይቀይራል ማለት በደቂቃ 3600 ጊዜ ነው። አንድ ምት 24 ቅያሪ ቢወስድ፣ 3600 ለ24 ሲካፈል 150 ይመጣል። 24 ደግሞ ለአራት እኩል ይከፈላል፤ ስለዚህ ለማሽኑ ምቹ ነው። ለድራመር ግን ላብ ነው።

አራተኛ፦ ቅኝት

እዚህ ጋ እኛ ዕድለኞች ነን። ትዝታ ማይነርን ከሲ ብትነሱ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ጃፓኖች ሂራጆሺ ከሚሉት ቅኝት ጋር አንድ ነው። አምባሰል ደግሞ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። እሱም ሚያኮቡሺ ከሚሉት ጋር ይገጥማል። የጌም ሙዚቃ ሁሉ በእነዚህ ተሠርቷል ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛው የምዕራብ ሙዚቃ ነው። ነገር ግን ጌሙ ወደ ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ወይም ወደ ኒንጃ ሲገባ ያ ቅኝት ብቅ ሲል "ይሄን የት ነው የማውቀው?" ያስብላል።

ስለዚህ የራሳችሁን የጌም ዜማ ስትደርሱ በአምባሰል ሞክሩ። በአራት ማዕዘን ድምፅ፣ በ150 ፍጥነት። ልክ ነው የሚመጣው። ከአንቺ ሆዬ ጋር ግን ተጠንቀቁ። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነውና ከመነሻው ንጹሕ አምስተኛ የለውም፤ መነሻው ላይ ፓወር ኮርድ ስትጥሉ ከዜማው ጋር ይጋጫል። እኛ ሆን ብለን ለቦሱ (ለጌሙ ዋና ጠላት) አስቀመጥነው። ቦስ ሊያስፈራ ይገባዋል።

አምስተኛ፦ ከአንድ ደቂቃ አራት ደቂቃ

የጌም ዜማ መጨረሻ የለውም። ይዞራል። ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ከነሥዕሉ ከነሙዚቃው 40 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ዛሬ በቴሌግራም ከምንላላከው አንድ ፎቶ ያንሳል። እዚያ ውስጥ ረጅም ዘፈን አይገባም። ለአልበም ግን አድማጩ እጁ ላይ መጫወቻ የለውም፤ ዙሩን ብቻ ብትደጋግሙበት ይሰለቻል።

የኛ አካሄድ ይሄ ነው። የመጀመሪያው ዙር ታማኝ ነው፤ እንደ ማሽኑ ደረቅ። ሁለተኛው ዙር ድራመሩን ይፈታዋል፣ ሃይሃትና ሲምባል ይገባሉ። ሦስተኛው ላይ ዲስቶርሽኑን አጥፍታችሁ ፍጥነቱን ግማሽ አስመስሉ፤ ቤዙ ዜማውን ይውሰድ። ከዚያ ሶሎ። ከሶሎው በኋላ የመጀመሪያው ዙር ከፍ ባለ ኪይ ይመለስ። መጨረሻውን በፌድ (ድምፁን ቀስ በቀስ በማጥፋት) አታምልጡ። ጨርሱት።

አንድ ትንሽ ተንኮል ልጨምር። ማሪዮ ሲዘል የዝላዩ ድምፅ ከሙዚቃው አንዱን መስመር ለአፍታ ይቀማል። እኛም ሁለተኛውን ጊታር አልፎ አልፎ ለግማሽ ምት ዝም እናሰኘዋለን። አድማጩ ምክንያቱን አያውቀውም። ግን ጌም ይሸተዋል።

ስድስተኛ፦ የትኛውን መንገድ?

ከእኛ በፊት የሄዱበት አሉ። ኖቡኦ ኡኤማትሱ የፋይናል ፋንታሲ ጌሞችን ሙዚቃ የደረሰው ራሱ ሆኖ ሳለ ዜማዎቹ በሮክ ባንድ ተቀናብረው እ.ኤ.አ. በ2003 ብላክ ሜጅስ በሚል ስም ወጡ፤ እሱም ከባንዱ ጋር ኪቦርድ ይጫወት ነበር። ሚኒቦሰስና አድቫንቴጅ የተባሉት የአሜሪካ ባንዶች ያለ ዘፈን፣ በጊታርና በድራም የኔንቲዶን (የፋሚኮም ሠሪውን) ዜማዎች ተጫውተዋል። አናማናጉቺ ደግሞ የማሽኑን እውነተኛ ድምፅ ከጊታር ጋር ቀላቅሎ አዲስ ሥራ ሠርቷል። ፕሮቶሜን የተባለው ባንድ ዜማውን ትቶ ሜጋ ማን የተባለውን ጌም ታሪክ ወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው አልበም ሮክ ኦፔራ (በሮክ ዘፈን የሚተረክ ታሪክ) አደረገው።

ለእኛ ሰው የመጨረሻው መንገድ የሚስማማ ይመስለኛል። የሀበሻ አድማጭ ግጥም ይፈልጋል። ያለ ዘፈን አርባ ደቂቃ "እሺ፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?" ይላችኋል። አማርኛ በከባድ ጊታር ላይ እንደሚቀመጥ ጃኖ ባንድ አሳይቶናል።

ሰባተኛ፦ ቀረጻ

የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ድምፅ ከቤት እንዳይወጣ አያደርግም። እኛ ሙሉ ግድግዳ ለጥፈን እማማ ጎረቤታችን "ልጆቼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ፈረሰ?" ብለው መጡ። ፍራሽ ይሻላል። በሩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ ከሁሉም በላይ ሰዓት ተስማሙ። ፒያሳ ከሆናችሁ የጊዮርጊስን ቅዳሴ አስቡ፤ አንድ የሚያምር የቤዝ ቀረጻ ከነቅዳሴው ተቀርጾብናል።

ቤዙን ቀጥታ ሳውንድ ካርድ ላይ ሰኩት። የጊታሩን ማይክ ከስፒከሩ ጨርቅ ሁለት ጣት ያህል አርቁ። ዲስቶርሽኑን ከምትወዱት ቀንሱ፤ ሲደራረብ ራሱ ይበዛል። ሊዱን ሁለት ጊዜ ተጫወቱና አንዱን ግራ፣ አንዱን ቀኝ አድርጉ። ቀጭን ድምፅ ስትፈልጉ ከድልድዩ አጠገብ ያለውን ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ መቀበያ)፣ ወፍራም ስትፈልጉ ከአንገቱ አጠገብ ያለውን ምረጡ። የላፕቶፑ ባትሪ ሁሌም ይሞላ። ከእያንዳንዱ ቴክ (የቀረጻ ሙከራ) በኋላ ሴቭ።

የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል እንደ ጌም አድርጉት። መክፈቻ፣ አንደኛ ሌቨል፣ ምድር ቤት፣ ውኃ ውስጥ፣ ቦስ። "ጌም ኦቨር" የሚል የአስር ሴኮንድ ቁራጭም አስገቡ፤ ከቦሱ በፊት ይሁን። ሰው ይስቃል፣ ከዚያ ቦሱ ይመጣል።

ሚክሱ አለቀ ስትሉ በሄድፎን ብቻ አትመኑት። እኛ ከአራት ኪሎ ፒያሳ የሚሠራ አንድ የታክሲ ሾፌር ለምነን በፍላሽ አስከፈትነው። ጊታሩ ይጮኻል፣ ስኔሩ ይሰነጥቃል። ራስ መኮንን ድልድይ ስንደርስ ቤዙ እንደሌለ ገባን። ረዳቱ "ይሄ ማሪዮ ነው አይደል?" አለ። የራሳችን ዜማ ነበር። በማግስቱ ቤዙን አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርገን እንደገና ቀዳነው።