በስማችሁ የተከፈተ ፌክ አካውንት እንዴት ይዘጋል?

ባለፈው ዓመት አክስቴ ደወለችልኝ። «ብሩ ደረሰህ ወይ?» አለችኝ። የምን ብር? ለካ በኢንቦክስ «አክስቴ ቸግሮኛል፣ ነገ እመልሳለሁ» ብዬ ጽፌላት ኖሯል፤ እሷም 4,000 ብር ልካለች። ፎቶው የእኔ፣ ስሙ የእኔ፣ ከላይ ያለው የእህቴ ሠርግ ፎቶ ሳይቀር የእኔ። ለማኙ ብቻ ሌላ ሰው።

ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው «ተሃክኩ!» ብዬ ጮህኩ። ፓስዎርዴን በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። ከንቱ ድካም ነበር። የራሳችሁ አካውንት እንደ ወትሮው የሚከፈት ከሆነና የማታውቁት ነገር ካልተላከበት ብዙውን ጊዜ የተሃከ ነገር የለም። አንዱ ፎቶአችሁን አውርዶ አዲስ አካውንት ከፍቷል፣ በቃ። የሚሞላው ፎርምም የተለያየ ስለሆነ መጀመሪያ ይህን ለዩ።

ቀጥሎ ማስረጃ። ስክሪንሾት ሁሉም ያነሳል፣ ሊንኩን የሚይዝ ግን ጥቂት ነው። ዋናው ደግሞ እሱ ነው። የአካውንት ስም በደቂቃ ይቀየራል፣ ፎቶም እንደዚያው። ፌስቡክ ላይ ግን እያንዳንዱ አካውንት የማይቀየር የቁጥር መለያ አለው፤ አንዳንድ ጊዜ ሊንኩ መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። ሊንኩን ኮፒ አድርጋችሁ የሆነ ቦታ አስቀምጡት። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ከላይ የሚታየውን ስም ትታችሁ ዩዘርኔሙን ያዙ፣ ፊደል በፊደል እዩት። የእንግሊዝኛው ትልቁ «አይ» እና ትንሹ «ኤል» ስክሪን ላይ መንታ ናቸው፣ አጭበርባሪዎቹም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ።

እኔ ሊንኩን አልያዝኩም። ተናድጄ «ይሄ እኔ አይደለሁም፣ ሁላችሁም ሪፖርት አድርጉልኝ!» ብዬ ለጠፍኩ። ወዳጅ ዘመድ ተሰለፈ። አንዱ «ስፓም» ይላል፣ ሌላው «የጥላቻ ንግግር»፣ አንድ ጓደኛዬ ጭራሽ «እርቃን» የሚለውን ነክቶ መጣ። ገብቶ የሚሳደብም ነበር። ሰውየው ነቃ። በዚያው ሌሊት እኔን ብሎክ አድርጎ ስሙንና ፎቶውን ቀየረ። ከዚያ በኋላ ሪፖርቱን የሚመረምር ሰው እኔን የሚመስል ነገር ከየት ያምጣ? በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ የእኔን ፎቶ ለጥፎ የአጎቴን ልጅ አናገራት።

ፌስቡክና ኢንስታግራም ራሳቸው እንደሚሉት የሪፖርት ብዛት ውሳኔውን አይለውጥም። ቁም ነገሩ ምርጫው ላይ ነው። ፕሮፋይሉ ላይ ሦስቱን ነጥቦች ነክታችሁ ሪፖርት ስትሉ ሌላ ሰው መስሎ ስለቀረበ አካውንት የሚናገረውን ምረጡ፤ ማንን እንደሚመስል ሲጠይቃችሁ «እኔን» በሉ። የምርጫዎቹ ቃላት ከጊዜ ወደ ጊዜ ይቀያየራሉ፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ፌስቡክ ላይ ሪፖርት የሚያደርጉት ጓደኞቻችሁ ከሆኑ «ጓደኛዬን» ብለው የእናንተን እውነተኛ አካውንት ያሳዩ። ሰውየው ብሎክ ካደረጋችሁ ያለ እነሱ ያስቸግራል፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ሰው በደንብ አስረዱ። መንጋው አያስፈልግም።

ኢንስታግራም ግን በዚህ ጉዳይ የሚሰማው ባለቤቱን ወይም ወኪሉን ነው፤ ለምሳሌ ለልጅ ወላጁን። አካውንት የሌላት እናታችሁ ብትሆንም በእርዳታ ማዕከሉ በኩል ፎርም መሙላት ይቻላል። ቲክቶክ ላይ ሪፖርቱን ሼር ምልክቱ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ቴሌግራም ደግሞ «ኖ ቱ ስካም» የሚባል የራሱ ቦት አለው፣ ከሊንክና ስክሪንሾት ጋር ላኩለት።

መታወቂያ ሲጠይቁ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል። የእኔ አካውንት በቤት ስሜ ነበር፣ ፓስፖርቴ ላይ ያለው ሌላ። ማን ያምነኛል? በዚያ ላይ አንዱን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አራት ዓይነት እንጽፈዋለን። መጀመሪያ የአካውንታችሁን ስም ከመታወቂያው ጋር አስማሙ፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበትን ምረጡ፣ ፎቶው ጥርት ይበል። ለማረጋገጫ የማያስፈልገውን ቁጥር መሸፈን ትችላላችሁ። በኢንቦክስ «ከፌስቡክ ሰፖርት ነን» እያለ መታወቂያ ለሚጠይቃችሁ ግን ምንም አትላኩ። «በ500 ብር አካውንት እናዘጋለን» የሚሉትንም እለፏቸው፣ ያው ሌቦች ናቸው።

ሪፖርታችሁ ውድቅ ከተደረገ ይግባኝ የሚል ምርጫ ካለ ተጠቀሙበት። ስም ስለተጋራ ብቻ አካውንት እንደማይዘጋም እወቁ፤ ስምና የአባት ስም የሚጋራን ሰውማ መች ጠፍቶ።

ብር ከተላከ ሪፖርቱ ይቆይ። መጀመሪያ ብሩ የተላከበት ባንክ ወይም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ጋ ደውሉ፣ የተቀባዩን ቁጥርና ስም ያዙ፣ ከዚያ ፖሊስ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ማጭበርበሩንም የማንነት ስርቆቱንም በወንጀልነት ያስቀጣል።

ሰውየው አክስቴን ከየት አገኛት? ከጓደኞቼ ዝርዝር። ለዓለም ሁሉ ክፍት ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የጓደኞቻችሁን ዝርዝር «እኔ ብቻ» አድርጉት፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አካውንቱ በስተመጨረሻ ተዘግቷል። ባለፈው ወር እውነት ቸግሮኝ ለአክስቴ በኢንቦክስ ብጽፍላት ብሎክ አደረገችኝ።