ኮኮፒት ላይ ያለ ቲማቲምና ቃሪያ ቤት ውስጥ ሲታመም የሚሠሩ ስህተቶች

ቤት ውስጥ፣ በመብራት፣ ኮኮፒት (የተፈጨ የኮኮናት ልጣጭ) ላይ ቲማቲም ወይም ቃሪያ የሚያበቅል ሰው አንድ ቀን ቢጫ ቅጠል ማየቱ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ያለውም የታወቀ ነው። "ምን ጎድሎት ነው?" ይባላል፣ ማዳበሪያ ይጨመራል፣ ተክሉ ይብስበታል፣ አሁንም ይጨመራል። ኮኮፒት ላይ የሚታመም ተክል አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ሥሩ ዙሪያ ባለው ውሃና ጨው ላይ ነው። ስለዚህ ከመጨመር በፊት ለኩ። የምላችሁ ነገር ዋናው እሱ ነው፣ የቀረው ዝርዝር ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ኮኮፒትን እንደ አፈር ማጠጣት

ኮኮፒት የኮኮናት ውጫዊ ልጣጭ ተፈጭቶ የሚሠራ ነው። አፈር ይመስላል፣ ግን በውስጡ ከፖታሲየም በቀር ለተክሉ የሚሆን ምግብ የለም ማለት ይቻላል። አፈር ላይ የለመደ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ንጹህ ውሃ ሰጥቶ አንዴ ማዳበሪያ ይሰጣል። እዚህ ግን እንደዛ አይሠራም። በእያንዳንዱ ማጠጣት ውስጥ የተመጠነ ማዳበሪያ መኖር አለበት፣ ምክንያቱም ተክሉ የሚበላው የሰጣችሁትን ብቻ ነው።

ሁለተኛው የአፈር ልማድ "ከላይ እስኪደርቅ ልጠብቅ" የሚለው ነው። ኮኮፒት ሲደርቅ ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ግን እዛው ይቀራል። ውሃው በግማሽ ሲቀንስ ሥሩን የነካው ጨው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ጠዋት የሰጣችሁት ለስላሳ ድብልቅ ከሁለት ቀን በኋላ የሚያቃጥል ይሆናል፣ የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፣ እናንተ ደግሞ "ምግብ አነሰው" ትላላችሁ። ሥሩ ዕቃውን የሞላ ትልቅ ተክል በቀን አንዴ፣ ፍሬ ሲይዝ ደግሞ ከዚያም በላይ ቢጠጣ አይጎዳም፤ ጥሩ ኮኮፒት እርጥብ ሆኖም አየር ይይዛል።

ለትንሽ ችግኝ ግን ይሄ አይሠራም። ሁለት ቅጠል ያላት ችግኝ 15 ሊትር በሚይዝ ዕቃ ውስጥ ከተተከለች ውሃውን የሚጠጣላት ሥር የላትም፣ ቀን ከቀን ረግረግ ውስጥ ትቀመጣለች። በትንሽ ዕቃ ጀምሩ፣ ሥሩ ሲሞላ አዛውሩ።

ያልታጠበና ያልተዘጋጀ ኮኮፒት

ይሄኛው ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ የሚሰቃይበት ስለሆነ። የኮኮናት ዛፍ ባሕር ዳርቻ ይወዳል፣ ልጣጩም ብዙ ጊዜ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ስለዚህ ርካሽ ጡብ ኮኮፒት ሶዲየምና ፖታሲየም ተሸክሞ ነው የሚመጣው። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ከቃጫው ጋር ተጣብቀው ይቀመጣሉ። ካልሲየምና ማግኒዥየም ያለበት ድብልቅ ስታፈሱበት ኮኮፒቱ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ለራሱ ይይዝና በምትኩ ሶዲየሙንና ፖታሲየሙን ይለቃል። በትክክል መግባችሁ ተክሉ የሚራበው በዚህ ምክንያት ነው።

በንጹህ ውሃ ማጠብ ብቻውን አይበቃም። በውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨው ያወጣል፣ የተጣበቀውን ግን አያስለቅቅም። ካልሲየም ናይትሬት በሊትር ጥቂት ግራም አሟሙታችሁ ኮኮፒቱን ቢያንስ ለአንድ ሌሊት ንከሩት፣ አጥልሉት፣ ከዚያ እጠቡት። ከረጢቱ ላይ ታጥቦ በካልሲየም የተዘጋጀ ነው ተብሎ ከተጻፈም ማረጋገጥ ቀላል ነው። አንድ እፍኝ ወስዳችሁ በተጣራ ውሃ ዘፍዝፉና የውሃውን ኢሲ፣ ማለትም የሟሟውን ጨው መጠን፣ ለኩ። ከፍ ብሎ ከተገኘ እንደገና ይታጠብ። ተክሉ ከተተከለ በኋላ ይሄን ማስተካከል እጅግ አድካሚ ነው።

ከስር ውሃ እንዳይወጣ መቆጠብ

ወለል እንዳይረጥብ ወይም ማዳበሪያ እንዳይባክን ብለው ትንሽ ትንሽ የሚያጠጡ ሰዎች አሉ። ውጤቱ የጨው ክምችት ነው። ስታጠጡ ካፈሰሳችሁት ከ10 እስከ 20 በመቶው ከስር መውጣት አለበት። የወጣውን ሳህን ላይ አትተዉት፣ ተክሉ መልሶ ይጠጣዋል።

ከመድፋታችሁ በፊት ግን ለኩት። የገባው ኢሲ 2.0 (በmS/cm) ሆኖ የወጣው 2.3 ከሆነ ሰላም ነው። የወጣው 3.5 ከሆነ ውስጡ ጨው ተከማችቷል፣ ቢጫው ቅጠል ምንም ቢመስል መጀመሪያ እሱን ፍቱ። አፈታቱም ላይ ስህተት አለ፤ ብዙ ሰው በንጹህ ውሃ ያጥባል። ግማሽ ያህል በቀጠነ ድብልቅ ማጠብ ይሻላል፣ የሚወጣው እስኪወርድ ድረስ ደጋግማችሁ አፍስሱ። ለመነሻ ያህል፦ ችግኝ 1.0 አካባቢ፣ እያደገ ያለ ቲማቲም 2.0 እስከ 2.5፣ ፍሬ ሲይዝ ወደ 3.0 ሊደርስ ይችላል። ቃሪያ ከዚህ ዝቅ ያለ ይወዳል።

ከሌላ ሰው ጋር ቁጥር ስታወዳድሩ በፒፒኤም (ከሚሊዮን ስንት እጅ ጨው እንዳለ በሚገልጸው ቁጥር) ሳይሆን በኢሲ ተነጋገሩ። አንዱ መለኪያ 2.0 ኢሲን 1000 ይለዋል፣ ሌላው 1400። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ እናንተ ግን ትሳሳታላችሁ።

ፒኤችን ከድብልቁ በፊት መለካት

የቧንቧ ውሃውን ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱን ልክ፣ ለክቶ፣ አስተካክሎ፣ ከዚያ ማዳበሪያ የሚጨምር ሰው የለካው ከንቱ ነው። ማዳበሪያው ራሱ ፒኤችን ይቀይራል። መጀመሪያ ቀላቅሉ፣ መጨረሻ ላይ ለኩና ወደ 5.8 እና 6.2 መሀል አምጡት። ወደ 7 ከፍ ሲል ብረትና ማንጋኒዝ በውሃው ውስጥ እያሉ ሥሩ ሊወስዳቸው አይችልም።

መለኪያውም ይዋሻል። በ4.0 እና በ7.0 መፈተሻ ፈሳሽ አዘውትራችሁ አስተካክሉት፣ ጫፉ ደግሞ ደርቆ መቀመጥ የለበትም። ለሳምንታት ያልተስተካከለ መለኪያ አምናችሁ አሲድ ከመጨመር ባትለኩ ይሻላል።

የታመመው ቅጠል የት እንዳለ አለማየት

"ቢጫ ሆነ" ብቻ ምንም አይነግርም። ጥያቄው የታችኛው ነው ወይስ የላይኛው የሚለው ነው። ናይትሮጅን፣ ማግኒዥየምና ፖታሲየም ሲያንሱ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል፣ ስለዚህ ምልክቱ ከታች ይጀምራል። ቅጠሉ በሙሉ ከገረጣ ናይትሮጅን፣ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ቢጫ ከሆነ ማግኒዥየም፣ ዳርዳሩ ከተቃጠለ ፖታሲየም ብላችሁ ጠርጥሩ። ካልሲየምና ብረት ግን አንዴ ከተቀመጡበት አይንቀሳቀሱም ማለት ይቻላል፣ ጉድለታቸው ከላይ ነው የሚታየው። አዲሱ ቅጠል ተጨማድዶና ጫፉ ሞቶ ከወጣ ካልሲየም፣ አዲሱ ቅጠል ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ከገረጣ ብረት፣ እሱም ሲሆን መጀመሪያ ፒኤቹን እዩ።

የቲማቲሙ ፍሬ ግርጌ ጠቁሮ ሲሰረጉድ ሁሉም "ካልሲየም!" ይላል። እውነት ነው፣ ፍሬው ውስጥ ካልሲየም አንሷል። ግን ካልሲየም ወደ ላይ የሚወጣው ከውሃ ጋር ነው። አንዴ ድርቅ አንዴ ጎርፍ ከሆነ፣ ጨው ከበዛ፣ ወይም አየሩ በጣም ረጥቦ ቅጠሉ ውሃ ማትነን ካቃተው፣ ማዳበሪያው ሞልቶም ፍሬው ላይ አይደርስም። አጠጣጡን አስተካክሉ። የጠቆረው ፍሬ አይድንም፣ ቁረጡት፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ጠብቁ።

ቅጠልም እንዲሁ ነው፣ የተቃጠለ ጫፍ ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም። መዳኑን የምታውቁት ከአዲሱ እድገት ነው። ችግኝ ላይ መጀመሪያ የወጡት ሁለት ቅጠሎች ቆይተው ቢጫ ሆነው መውደቃቸው ደግሞ ጤና ነው፣ አትደንግጡ።

ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን መቀየር

ፒኤች አወረዳችሁ፣ ካልማግ (ካልሲየምና ማግኒዥየም ያለበት ፈሳሽ ማዳበሪያ) ጨመራችሁ፣ መብራት ከፍ አደረጋችሁ፣ በነጋታው ተሻለው ወይም ባሰበት። የትኛው ነው ያደረገው? አንድ ነገር ቀይሩ፣ ጻፉት፣ አምስት ስድስት ቀን ታገሡ። ካልማግን ለሁሉም በሽታ መድኃኒት አድርጎ ማፍሰስም ይቅር፣ ብዙዎቹ ውስጥ ናይትሮጅን ስላለ ቅጠል በቅጠል ሆኖ ፍሬ የማይይዝ ተክል ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

የማዳበሪያ ነገር ካነሳን፣ ካልሲየም ናይትሬትንና ማግኒዥየም ሰልፌትን ወፍራም ሆነው አንድ ጠርሙስ ውስጥ አትቀላቅሉ። ነጭ ዝቃጭ ይወጣል፣ ያ ካልሲየም ሰልፌት ነው፣ ተክሉ ሊጠቀምበት አይችልም። አንዱን በብዙ ውሃ አሟሙታችሁ ሌላውን ጨምሩ።

መብራቱንና አየሩን መርሳት

ላይኛው ቅጠል ነጣ ብሎ ታችኛው አረንጓዴ ከሆነ ማዳበሪያ አትንኩ፣ መብራቱ ቀርቧል። የቲማቲም ቅጠል ወደ ላይ ሲጠቀለል ሙቀት፣ ብርሃን ወይም የውሃ ጭንቀት ነው። ከቅጠሉ ስር ትንንሽ እብጠት ከታየ ሥሩ ከሚያወጣው በታች ቅጠሉ እያተነነ ነው፣ የአየር ዝውውር ያስፈልጋል። ትንሽ ማራገቢያ ብዙ ነገር ይፈታል።

ተባይን ጉድለት ነው ብሎ መገመት

ቅጠል ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ብዙ ነጫጭ ነጠብጣቦች ካያችሁ ቅጠሉን ገልብጡት። ቀይ ሸረሪት የሚባሉት ጥቃቅን ፍጥረታት ከቅጠሉ ጀርባ ተደብቀው ይመጣሉ፣ ድሩ በዓይን ሲታይ ረፍዷል። ደረቅና ሞቃት አየር ይመቻቸዋል። ኮኮፒቱ ላይ የሚበሩት ጥቁር ትንንሽ ዝንቦች ደግሞ እጮቻቸው ለጋ ሥር ይበላሉ። ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት የሚይዘው በራሪውን ብቻ ነው፣ እጩን የሚገድለው ቢቲአይ የሚባለው ባክቴሪያ ያለበት ውሃ ነው።

ሥሩን ሳያዩ ለሳምንታት ማከም

ሁሉም ቁጥር ልክ ሆኖ ተክሉ እርጥብ ኮኮፒት ላይ ቁጭ ብሎ ከጠወለገ፣ ከዕቃው ቀስ ብላችሁ አውጡና ሥሩን እዩ። ነጭ ወይም ክሬም መልክ ያለው ጤነኛ ነው። ቡናማ፣ የሚያዳልጥ፣ ስትነኩት ሽፋኑ የሚላጥና የሚሸት ከሆነ በስብሷል። ትልቅ ተክል ከሆነና አዲስ ነጭ ሥር እያወጣ ከሆነ አጠጣጡን አስተካክላችሁ ሞክሩት። ገና ችግኝ ከሆነ ግን አትድከሙበት፣ ሌላ ዝሩ። ያንን ኮኮፒት መልሳችሁ አትጠቀሙበት፣ ዕቃውንም በበረኪና አጥባችሁ ከማድረቃችሁ በፊት ሌላ አትትከሉበት።