ከሆስት ስም ወደ አድራሻ፦ በሲ ፕሮግራም ጌትአድርኢንፎን በትክክል መጠቀም

ኮኔክት የሚባለው የሲ ጥሪ ስም አያውቅም፤ የሚቀበለው አድራሻና ፖርት ብቻ ነው። ተጠቃሚው የጻፈውን የሆስት ስም ወደዚያ የሚያደርሰው ጌትአድርኢንፎ ነው። ብዙ ሰው ይህን ፈንክሽን «ስም አስገባለሁ፣ አድራሻ ይወጣልኛል» ብሎ ይይዘዋል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው። የሚወጣው አንድ አድራሻ ሳይሆን የአድራሻዎች ሰንሰለት ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ የሚሮጥ ፕሮግራም በጸሐፊው ማሽን ላይ እየሠራ በሌላ ሰው ማሽን ላይ ይሰናከላል።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር፦ የፈንክሽኖቹን ስም እዚህ የምንጽፈው በአነባበባቸው ነው። ኮድ ውስጥ በትንንሽ የላቲን ፊደል፣ ቋሚዎቹ ደግሞ በትልልቅ ፊደል ይጻፋሉ። እዚህ በሰረዝ የተያያዙት ክፍሎች እዚያ በታች-ሰረዝ ይያያዛሉ።

ጌትሆስትባይኔምን ተዉት

የቆዩ መማሪያዎች አሁንም ጌትሆስትባይኔምን ያስተምራሉ። ይህ ፈንክሽን የሚያመጣው የአይፒቪ4 አድራሻ ብቻ ነው። ውጤቱን የሚያስቀምጠው ደግሞ ላይብረሪው ራሱ በያዘው ቋሚ ቦታ ላይ ስለሆነ ሁለተኛው ጥሪ የመጀመሪያውን ውጤት ይሽረዋል፤ ሁለት ስሬዶች በአንድ ጊዜ ከጠሩት ውጤቱ ይደባለቃል። ፖዚክስ (ዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች የሚከተሉት የጋራ ደረጃ) በ2001 እትሙ ጊዜው ያለፈበት ብሎ መደበው፣ በ2008 እትሙ ጨርሶ አወጣው። ሊኑክስ ላይ ዛሬም ኮምፓይል መደረጉ አያታልላችሁ።

ኮምፓይል ሳይደረግ ሲቀር

የሚያስፈልጉት ሄደር ፋይሎች ሦስት ናቸው፦ ከሲስ ማውጫ ታይፕስና ሶኬት፣ ከዚያ ኔትዲቢ። አድራሻውን ወደ ጽሑፍ የምትቀይሩ ከሆነ ከአርፓ ማውጫ ኢኔትን ጨምሩ።

ሁሉንም አስገብታችሁ ኮምፓይለሩ «የሂንትስ መጠን አይታወቅም» ቢላችሁ (ሂንትስ ከታች የምንሞላው ስትራክት ነው) ሄደሩ ጠፍቶ አይደለም። በጥብቅ የሲ99 ወይም የሲ11 ደረጃ ኮምፓይል ስታደርጉ ጂሊብሲ (በሊኑክስ የተለመደው የሲ ላይብረሪ) የፖዚክስን ነገሮች ይደብቃል፤ አድርኢንፎ የሚባለው ስትራክትም አብሮ ይደበቃል። መፍትሔው ከሁሉም ሄደር በፊት፣ በፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ፣ ፖዚክስ-ሲ-ሶርስ የሚባለውን ማክሮ (ከፊቱም ታች-ሰረዝ አለው) 200112ኤል ብሎ መሰየም ነው። ወይም ከጥብቁ ደረጃ ይልቅ የጂኤንዩን 11 ደረጃ ምረጡ።

ሂንትስን መሙላት

ጌትአድርኢንፎ አራት ነገር ይቀበላል፦ የሆስቱን ስም፣ የአገልግሎቱን ስም ወይም ፖርት፣ ምን ዓይነት አድራሻ እንደምትፈልጉ የሚገልጸውን ሂንትስ፣ በመጨረሻም ውጤቱ የሚቀመጥበትን ፖይንተር አድራሻ።

ሂንትስን ገና ስትፈጥሩት በሜምሴት ዜሮ አድርጉት። ይህ ከተዘለለ ስታኩ ላይ የቀረ ቆሻሻ እንደ ፍላግ ይነበባል፤ ጥሪው አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ «የተሳሳተ ፍላግ» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ያለ የሚመላለስ ስህተት ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ የምታዩት ሜምሴቷን ይሁን።

ከዚያ ሁለት መስኮች ሙሉ። ኤአይ-ፋሚሊን ኤኤፍ-አንስፔክ በሉት፤ አይፒቪ4ም አይፒቪ6ም ይምጣ ማለት ነው። ኤአይ-ሶክታይፕን ለቲሲፒ ሶክ-ስትሪም በሉት። ይህን ሁለተኛውን ባዶ ከተዋችሁት ሊኑክስ ላይ እያንዳንዱ አድራሻ ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ አንዴ ለስትሪም፣ አንዴ ለዳታግራም፣ አንዴ ለጥሬ ሶኬት። «አድራሻው ለምን ተደጋገመብኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ፖርቱን በቁጥር ብትሰጡት ይሻላል፤ ግን እንደ ጽሑፍ፣ በጥቅስ ውስጥ 443 ብላችሁ። «ኤችቲቲፒኤስ» የሚለው ስም የሚፈታው በኢቲሲ ማውጫ ውስጥ ካለው ሰርቪስስ ፋይል ነው፤ ተጨምቀው የሚሠሩ ኮንቴይነሮች ውስጥ ይህ ፋይል ብዙ ጊዜ የለም፤ ያኔ ጥሪው ኢኤአይ-ሰርቪስ የሚል ስህተት ይዞ ይመለሳል። ቁጥር ብቻ እንደምትሰጡ ለማስታወቅ ኤአይ-ኑመሪክሰርቭ የሚለውን ፍላግ ጨምሩ።

ፖርቱን በዚህ መንገድ ስትሰጡ ከባይት ቅደም ተከተል ጣጣም ትድናላችሁ። የአድራሻውን ስትራክት በእጅ የሚሞላ ሰው ኤችቶንስን (ባይቶቹን ወደ ኔትወርክ ቅደም ተከተል የሚቀይረውን ፈንክሽን) ከረሳ ፖርት 80 ወደ 20480፣ ፖርት 8080 ወደ 36895 ይቀየርበታል። በመዝገባችሁ ላይ እነዚህን ቁጥሮች ካያችሁ ሁለቱ ባይቶች ቦታ ተለዋውጠዋል።

ሰንሰለቱን መጓዝ

ጥሪው ዜሮ ከመለሰ ውጤቱ የመጀመሪያውን የአድርኢንፎ ስትራክት ይጠቁማል። እያንዳንዱ ስትራክት ኤአይ-ኔክስት በሚባለው መስኩ ቀጣዩን ይጠቁማል፤ የመጨረሻው ነል ነው። ሁለት ፖይንተር ያዙ፦ አንዱ የሰንሰለቱን ራስ ይዞ የማይነቃነቅ፣ ሌላው የሚጓዝ። ሉፑ ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው።

በስትራክቱ ፋሚሊ፣ ሶክታይፕና ፕሮቶኮል ሶኬት ክፈቱ። ካልተከፈተ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ከተከፈተ በኤአይ-አድርና በኤአይ-አድርሌን ኮኔክት አድርጉ። እምቢ ካለ ኤርኖን (የሲስተም ጥሪዎች የስህተት ቁጥር የሚጻፍበትን ተለዋዋጭ) በሌላ ተለዋዋጭ አስቀምጡ፣ ሶኬቱን ዝጉ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ከተሳካ ከሉፑ ውጡ። ተጓዡ ፖይንተር ነል ሆኖ ከወጣ አንዱም አድራሻ አልሠራም ማለት ነው። ሶኬቱን መዝጋት የሚረሳ ፕሮግራም በየሙከራው አንድ ፋይል ዲስክሪፕተር (ክፍት ፋይል ወይም ሶኬት የሚጠራበት ቁጥር) ያፈሳል፤ ለቀናት የሚሠራ አገልግሎት ከሆነ አንድ ቀን ምንም ፋይል መክፈት ያቅተዋል።

ርዝመቱን ሁልጊዜ ከኤአይ-አድርሌን ውሰዱ። በሊኑክስ ላይ ሶክአድር የሚባለው አጠቃላይ ስትራክት 16 ባይት ነው፤ የአይፒቪ4ቱም 16 ነው፤ የአይፒቪ6ቱ ግን 28 ነው። የሶክአድርን መጠን በሳይዝኦፍ የሚሰጥ ኮድ በአይፒቪ4 ያለምንም ምልክት ይሠራል፤ አይፒቪ6 ሲመጣ ኮኔክት ትክክል ያልሆነ ግቤት ነው ብሎ ይመልሰዋል። አድራሻውን ገልብጣችሁ ለኋላ ማስቀመጥ ካለባችሁ ሶክአድር-ስቶሬጅን ተጠቀሙ፤ በሊኑክስ 128 ባይት ስለሆነ ሁሉንም ይይዛል።

ሲጨርሱ ፍሪአድርኢንፎ አንዴ ይጠራል፣ የሚሰጠውም የሰንሰለቱን ራስ የያዘው ፖይንተር ነው። ተጓዡን ከሰጣችሁት የሰንሰለቱ ፊተኛ ክፍል ሜሞሪ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። ጌትአድርኢንፎ ስህተት ከመለሰ ደግሞ አትጥሩት፤ ያኔ ውጤቱ ውስጥ ያለው ነገር ዋስትና የለውም።

ስህተቱን በራሱ ቋንቋ ማንበብ

ጌትአድርኢንፎ ስህተቱን የሚናገረው በሚመልሰው ቁጥር እንጂ በኤርኖ አይደለም። ፒኤረርን (የኤርኖን መልእክት የሚያትመውን ፈንክሽን) የሚጠራ ኮድ ከዚህ በፊት በሌላ ጥሪ የቀረ መልእክት ያትማል፤ አንዳንዴም «ተሳክቷል» ብሎ ያትማል፤ አንባቢውም ግራ ይጋባል። የተመለሰውን ቁጥር ወደ መልእክት ለሚቀይረው ለጋይ-ስትርኤረር ስጡት። ኤርኖ የሚታየው ቁጥሩ ኢኤአይ-ሲስተም ከሆነ ብቻ ነው።

ሁለቱን ለይታችሁ ያዙ። ኢኤአይ-ኖኔም (በጂሊብሲ -2) ስሙ የለም ማለት ነው፤ ደጋግሞ መጠየቅ አይጠቅምም፣ ለተጠቃሚው ስሙን ያስተካክል ዘንድ ንገሩት። ኢኤአይ-አጌይን (-3) ግን መልስ የሚሰጥ የዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚፈታው አገልግሎት) ሰርቨር ለጊዜው አልተገኘም ማለት ነው፤ ትንሽ ቆይቶ መሞከር ተገቢ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ የሚሠራ ፕሮግራም ሁለቱን አንድ አድርጎ «ሆስቱ አልተገኘም» ካለ ተጠቃሚው ትክክለኛውን ስም ደጋግሞ ሲያርም ይውላል።

ኤንኤስሉክአፕ አገኘው፣ ፕሮግራሜ ግን አላገኘውም

ይህ ቅሬታ ብዙ ጊዜ ይሰማል፣ ምክንያቱም ቀላል ነው። ኤንኤስሉክአፕ በቀጥታ ዲኤንኤስ ሰርቨሩን ይጠይቃል። ጌትአድርኢንፎ ግን መጀመሪያ ኢቲሲ ውስጥ ያለውን የኤንኤስስዊች ፋይል ያያል፤ እዚያ «ሆስትስ» በሚለው መስመር ላይ የተጻፈውን ቅደም ተከተል ይከተላል። በተለመደው አደረጃጀት የሆስትስ ፋይል ይቀድማል፣ ዲኤንኤስ ይከተላል። ስለዚህ በፕሮግራማችሁ ዓይን ለማየት ጌትኤንት ኤሆስትስ ብላችሁ ስሙን አስከትሉ፤ ይህ ትእዛዝ ራሱ ጌትአድርኢንፎን ነው የሚጠራው።

ዲኤንኤስ ላይ ከደረሰ ደግሞ ሪዞልቭ የሚባለው ፋይል ይነበባል። ከዚያ የሚወሰዱት ሰርቨሮች ቢበዛ 3 ናቸው፤ አራተኛውን ብትጽፉት አይታይም። አንድ ጥያቄ 5 ሰከንድ ይጠበቃል፣ ሙከራውም ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድ ሰርቨር ብቻ ካለና ከሞተ ጥሪው ወደ 10 ሰከንድ ይቆማል። ጌትአድርኢንፎ ራሱ የጊዜ ገደብ አይቀበልም። መስኮት ያለው ፕሮግራም ወይም ብዙ ደንበኛ የሚያስተናግድ ሰርቨር በዋናው ስሬድ ላይ ከጠራው ሁሉም ነገር አብሮ ይደርቃል፤ ለብቻው ስሬድ ስጡት። በአላርም ሲግናል ለማቋረጥ መሞከር ላይብረሪው መቆለፊያ ይዞ ሳለ ሊያቋርጠው ስለሚችል አይመከርም።

ውጤቱን ለዘላለም አታስቀምጡ። ጌትአድርኢንፎ አድራሻው ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግል አይነግርም፤ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ስሙን እንደገና ጠይቁ። ከጂሊብሲ 2.26 (2017) በፊት ደግሞ የሪዞልቭ ፋይል ሲለወጥ እየሠራ ያለ ፕሮግራም አያውቅም ነበር፤ ላፕቶፑን ከአንድ ዋይፋይ ወደ ሌላ የቀየረ ሰው ፕሮግራሙን ዘግቶ እንደገና ማስነሳት ነበረበት።

ቁጥር የሚመስል ጽሑፍ

ተጠቃሚው 010.0.0.1 ብሎ ቢጽፍ ጂሊብሲ 010ን እንደ ስምንትዮሽ ቁጥር ያነበዋል፤ ውጤቱ 8.0.0.1 ነው። 127.1 ብሎ ቢጽፍ 127.0.0.1 ይሆናል። ፈቃድ ያላቸውን አድራሻዎች በጽሑፍ እያወዳደረ የሚያጣራ ኮድ በዚህ ቀዳዳ ይታለፋል። ጥብቅ ማጣሪያ ከፈለጋችሁ የአድራሻ ጽሑፍን ወደ ባይት የሚቀይረውን ኢኔት-ፒቶንን ተጠቀሙ፤ አራት ሙሉ የአስርዮሽ ክፍሎች ካልሆኑ አይቀበልም።

በተቃራኒው፣ አድራሻን ወደ ጽሑፍ ለመመለስ ጌትኔምኢንፎ ይበቃል፤ ለሁለቱም የአድራሻ ዓይነት ያለ ቅርንጫፍ ይሠራል። ለስሙ 1025፣ ለፖርቱ 32 ባይት አዘጋጁ። ኤንአይ-ኑመሪክሆስት የሚለውን ፍላግ ካልሰጣችሁት ግን ቁጥሩን ከማተም ይልቅ ወደ ስም ለመመለስ ዲኤንኤስን ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ መዝገብ የሚጽፍ ሰርቨር በዚህ ምክንያት ይንቀረፈፋል። የተመለሰውንም ስም ለፈቃድ መስጫ አትመኑት፤ የአድራሻው ባለቤት የፈለገውን ስም ሊያስመዘግብ ይችላል። ግድ ከሆነ ስሙን መልሳችሁ በጌትአድርኢንፎ ፍቱትና ያው አድራሻ ከውጤቱ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ።

የግዕዝ ፊደል ያለው ስም

በጂሊብሲ ኤአይ-አይዲኤን የሚባል ፍላግ አለ፤ ጂኤንዩ-ሶርስ የሚለውን ማክሮ (እሱም ከፊቱ ታች-ሰረዝ አለው) መሰየም ይፈልጋል። ስሙን ወደ ፑኒኮድ (ሌሎች ፊደላትን በላቲን ፊደልና በቁጥር የሚወክል አጻጻፍ) ቀይሮ ይጠይቃል። ሴትሎኬልን በፕሮግራሙ መጀመሪያ ካልጠራችሁ ግን ላይብረሪው ባይቶቹን በየትኛው ኢንኮዲንግ እንደሚያነብ ስለማያውቅ መቀየሩ አይሳካም። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው የስሙ ክፍል ከ63 ባይት መብለጥ አይችልም፤ የሚቆጠረውም የተቀየረው ጽሑፍ ነው። ላይብረሪው ሞክሼ ፊደላትን አያስታርቅም፦ «ሰላም» እና «ሠላም» ለእሱ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ተጠቃሚዎቻችሁ በአማርኛ የሚጽፉ ከሆነ ስሙ ሲታጣ የፊደሉን አማራጭ እንዲያዩ አስታውሷቸው።

በራሳችሁ ማሽን ላይ መሞከር

ሰንሰለቱን በእርግጥ መጓዛችሁን ለማየት የተሻለው መሞከሪያ ሎካልሆስት ነው። በብዙ የሊኑክስ ማሽኖች ሆስትስ ፋይል ውስጥ ይህ ስም ሁለት አድራሻ አለው፦ ::1 እና 127.0.0.1። በ2012 በወጣው የአድራሻ አመራረጥ ደንብ መሠረት የአይፒቪ6ቱ ይቀድማል። አሁን በኔትካት 127.0.0.1 ላይ ብቻ ፖርት 8080ን የሚያዳምጥ ሰርቨር ክፈቱ፣ ፕሮግራማችሁንም «ሎካልሆስት» እና «8080» ብላችሁ በኤስትሬስ (የፕሮግራምን የሲስተም ጥሪዎች በሚያሳየው መሣሪያ) ስር አስነሱት። የኔትወርክ ጥሪዎችንና ክሎዝን ብቻ እንዲያሳይ እዘዙት። መጀመሪያ ወደ ::1 የተደረገው የቲሲፒ ኮኔክት «ግንኙነቱ ተከልክሏል» ተብሎ ይታያል፣ ሶኬቱ ይዘጋል፣ አዲስ ሶኬት ይከፈታል፣ ሁለተኛው ኮኔክት 127.0.0.1 ላይ ዜሮ ይመልሳል። የመጀመሪያው ኮኔክት ላይ ከቆመ ሉፑ የለም፤ በሁለቱ መካከል ክሎዝ የሚለውን መስመር ካላያችሁት ደግሞ ዲስክሪፕተሩ እየፈሰሰ ነው።